በምት የተያዘ ሰው እንደ ገና ስለ መቆሙና ስለ መራመዱ

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ገጠር ሰው ታሞ ሲተኛ ጎረቤቱ እንደማይቀርበት ለአንባብያን መንገር አያሻንም። አንዱ «እግዚአብሔር ይማርዎ»፣ ሌላው «አላህ ያሽርዎ» እያለ ይገባል፤ ቡናው ይፈላል፤ በሽተኛው በአልጋው ላይ ተጋድሞ እንግዶቹን ይቀበላል። በሽታው የአንጎል ምት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ጥየቃው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይበረታል፤ ትናንት ሲያርስ ወይም በክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር የታየው ሰው ዛሬ ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ፣ አፉም ተጣሞ ሲታይ ሁሉን ያስደነግጣልና። እንግዲህ ይህ በሽተኛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቀና ልበል ብሎ በደኅነኛው ክንዱ አልጋውን የተመረኰዘ እንደ ሆነ፣ ከተቀመጡት መካከል ሦስት አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሥተው «ኧረ ይተኙ! ምን አስቸኰለዎ?» ብለው መልሰው ያስተኙታል። ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዱት ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ጽሑፋችን በዚሁ ፍቅር ላይ ክርክር ልናነሣ ተገደናል፤ ብዙ ሰው እግሩን የሚያጣው በምቱ ብቻ ሳይሆን ከምቱ በኋላ በሚመጣው ዕረፍት ጭምር መሆኑን በሥራችን ላይ አይተናል።

አስቀድመን ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ሕዝባችን ይህን ደዌ «መጋኛ መታው»፣ «ምች ነው»፣ አንዳንድ ጊዜም «ርኩስ መንፈስ ነው» ይለዋል። ሰውየው መመታቱስ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመታው ከውጭ የመጣ ነገር ሳይሆን በገዛ አንጎሉ ውስጥ ያለው የደም ሥር ነው። የደም ሥሩ በረጋ ደም ይዘጋል፣ አለዚያም ፈንድቶ ደም ያፈስሳል፤ በዚያ ሥር ይመገብ የነበረውም የአንጎል ክፍል ይሞታል። ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ይህንኑ ነው። ቀኙ የአንጎል ክፍል ግራውን አካል፣ ግራው ደግሞ ቀኙን ስለሚያዝ፣ አንደኛው ጎን ሰንፎ ሌላው ደኅና ሆኖ ይቀራል። ዋነኛው ምክንያት የደም ግፊት ነው፤ እርሱም ካልተለካ በቀር ብዙውን ጊዜ ራሱን አይገልጥም። ፊት በድንገት የተጣመመ፣ ክንድ የዛለ፣ ንግግር የተኰላተፈ እንደ ሆነ ሰዓቱን አስታውሶ በሽተኛውን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ጠበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጋራ ሊሄድ ይችላል፤ ከሕክምናው በፊት ሦስት ቀን ሊወስድ ግን አይገባውም።

ይህ ደዌ ድኃና ባለጠጋ አይለይም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አገር ሰው ዘንድ ስማቸው እንግዳ አይደለም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ የተዋዋሉትና በኋላ ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል የተፈረመው እዚሁ ከሐይቅ በስተ ሰሜን በምትገኘው በውጫሌ ነው። እኒህ ንጉሠ ነገሥት ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ጤናቸው በምት ይናጋ ጀመር፤ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. የያዛቸው ጽኑ ምትም አካላቸውንና አንደበታቸውን አሰረው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ያህል በዚያው ሁኔታ ኖሩ። የውጭ አገር ሐኪም ነበራቸው፤ አሽከርና አስታማሚም አልጐደለባቸውም። በዘመኑ ግን የደም ግፊትን በሚገባ የሚያወርድ መድኃኒት በየትኛውም አገር አልነበረም፤ የተመታን አካል እንደ ገና የማስተማር ጥበብም ገና ጨቅላ ነበር። ዛሬ አንድ የሐይቅ ገበሬ ወይም መምህር በቤቱ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ መንግሥታቸው አላገኙትም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የምኒልክ ሕመም ሌላም ነገር ያሳየናል፤ ምት ተመላልሶ የሚመጣ በሽታ ነው። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «አሁንስ ተሻለኝ» ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

አሁን ወደ መቆም እንመለስ። ጤነኛ ሰው እንዴት ሳይወድቅ እንደሚቆም አስቦ አያውቅም። ዓይኑ ዙሪያውን ያያል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ረቂቅ መሣሪያ ራስ ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል፤ የእግር መርገጫና መገጣጠሚያዎች ደግሞ መሬቱ ምን እንደሚመስል ያስታውቃሉ። አንጎል እነዚህን ሦስት ወሬዎች አስማምቶ ለጡንቻዎች ትእዛዝ ይሰጣል። ምት የመታው ሰው እግሩ ስለ ዛለ ብቻ አይደለም የሚወድቀው፤ ወሬው ስለ ተዛባበት ጭምር ነው። አንዳንዱ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ እያለ ወደ ጎን ያዘነብላል። ሌላው፣ ይልቁንም ግራ ጎኑ የተመታው፣ ግራውን ዓለም ፈጽሞ ይረሳዋል፤ ከሰሐኑ ላይ በግራ በኩል ያለውን እንጀራ ሳይነካ ይተወዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤተ ሰቡ «ልቡ ተነካ» ይለዋል፤ ልቡ ደኅና ነው። ጠያቂው በተረሳው ጎን በኩል ቢቀመጥና ከዚያ በኩል ቢያነጋግረው፣ ራሱን ወደዚያ እንዲመልስ ያለማምደዋል።

የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም። በዙሪያው ያለው ደኅነኛው ክፍል ግን የሞተውን ሥራ ቀስ በቀስ ሊማር ይችላል፤ የሚማረውም ልክ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ፊደልን እንደሚማር በመደጋገም ነው። መምህራን አንባብያን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ስለ መጻፍ እየተነገረው ብርዕ ያልጨበጠ ተማሪ መጻፍ አይችልም። መቆምም የሚለመደው በመቆም ነው።

ታዲያ በስንተኛው ቀን ይጀመር? በዚህ ላይ እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን የነበረን አሳብ መታረም ነበረበት። «ቶሎ በተነሣ ቍጥር ይሻላል» ይባል ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 በአምስት አገሮች፣ በ56 ሆስፒታሎች፣ በ2104 በሽተኞች ላይ የተደረገ ታላቅ ምርመራ ግን በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ በሽተኛውን በብዛት ማስነሣት ከጥቅሙ ጕዳቱ እንደሚያመዝን አሳየ። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን «ይረፍ» የሚለው ጎረቤት እውነት አለው፤ ስሕተቱ የአንዱን ቀን ዕረፍት የሦስት ወር ማድረጉ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ በአጭር በአጭሩ እየደጋገሙ ማንሣት ያስፈልጋል። አለዚያ ጡንቻ ይከሳል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ጀርባ ይቈስላል፣ በእግር ሥር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሳንባ ምችም ይከተላል። በተለይ ተጋድሞ የሚጐርስና የሚጠጣ በሽተኛ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባበት ስለሚችል፣ ቀና ሳይል አንዳች ነገር ወደ አፉ አይቅረብ፤ ውኃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነም ለሐኪም ይነገር።

የቤቱን ሥራ በዝርዝር ብንናገር አንባብያን አይታዘቡን፤ ትልቁ ነገር በትንንሹ ውስጥ ነው። መጀመሪያ መቀመጥ ይለመዳል። በሽተኛው በአልጋው ወይም በመደቡ ጠርዝ ላይ ሁለቱ እግሮቹ መሬት ረግጠው ይቀመጥ፤ ሲኒም ሆነ መቍጠሪያ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቅረብለትና በደኅነኛው እጁ እየተንጠራራ ያንሣው፤ ወደ ተመታው ጎንም ይንጠራራ። ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ለወገቡ የሚዛን ትምህርት ነው። ቀጥሎ ከመቀመጥ መነሣት ይመጣል። ተረከዞቹን ከጕልበቱ በታች ወደ ኋላ ስቦ፣ አፍንጫው ከእግር ጣቶቹ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት አጐንብሶ፣ ከዚያ ይነሣ። ብዙ ቤተ ሰብ በሽተኛውን በበርጩማ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በርጩማ እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከእርሱ መነሣት ለጤነኛ ሽማግሌም ይከብዳል። በመደብ ላይ ቡሉኮ ወይም ጋቢ አጣጥፎ ከፍ ማድረግና፣ ኃይሉ እየበረታ ሲሄድ አንድ አንድ እጥፋት መቀነስ ይሻላል። የተነሣ ሰው ክብደቱን ሁሉ በደኅነኛው እግር ላይ መጣል ይወዳል፤ ቤተ ሰቡ ግን «በዚህኛውም ይርገጡ» እያለ ክብደቱን ወደ ተመታው እግር ቀስ በቀስ እንዲያሻግር ያስታውሰው። ከጀርባው ግድግዳ፣ ከፊቱ ጠንካራ ወንበር ቢኖር ፍርሃቱ ይቀንሳል።

የሚደግፈው ሰው በተመታው ጎን በኩል ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ይቁም። ምኑን ይያዝ? ወገቡን። እናቶቻችን የሚታጠቁት መቀነት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ በበሽተኛው ወገብ ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰርና ከኋላ መያዝ ነው። በውጭ አገር ሆስፒታሎች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀበቶ አለ፤ ከመቀነቱ የሚበልጥበትን ነገር እኛ አላየንም። የተመታውን ክንድ ይዞ መሳብ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የትከሻው ጡንቻ ስለ ዛለ አጥንቱ ከቦታው ይወርዳል። ወጌሻም ቢሆን ያን ትከሻ በቅቤ ሲያሸው በኃይል እንዳይጠመዝዘው ይነገረው።

ስለ ከዘራም አንድ ቃል አለን። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በየደብሩ ካህናቱ መቋሚያ ይዘው ረጅም ሰዓት ሲቆሙ ያየ ሰው፣ ለታመመ አባቱ መቋሚያ ቢያስይዘው አይፈረድበትም። ነገር ግን መቋሚያ ቆሞ ለሚያስቀድስ እንጂ ምት መቶት ለሚራመድ ሰው አልተሠራም፤ ቁመቱ ረጅም በመሆኑ ሰውየው በብብቱ ተንጠልጥሎ እንዲያዘነብል ያደርገዋል። የሚያስፈልገው ከዘራ ነው፤ ቁመቱም በሽተኛው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲቆምና ክንዱን ወደ ታች ሲለቅ እስከ እጁ አንጓ የሚደርስ ይሁን። ጫፉ በመኪና ካላማዳሪ ቍራጭ ቢታሰር አይንሸራተትም። ከዘራው የሚያዘው በደኅነኛው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ከዘራውና የተመታው እግር አብረው ይሄዳሉ፤ ደኅነኛው እግር ይከተላል። በደረጃ ሲወጣ ደኅነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ የተመታው። ሸበጥ ከዛለ እግር ላይ እየወለቀ ያሰናክላል፤ ከኋላው የሚታሰር ጫማ ይሻላል። የበሩ ደፍ፣ በግቢው ውስጥ ያለው ድንጋይ፣ የክረምቱ ጭቃ፣ ከሁሉም በላይ በሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ አስቀድሞ ይታይ። በመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ አግዳሚ እንጨት መምታትና መቀመጫው የተቀደደ ወንበር ማስቀመጥ ብዙ ስብራት ያስቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ከውጭ አገር በተመለስን በመጀመሪያው ዓመት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንድ ጡረተኛ መምህር ምት መቷቸው ወደ እኛ መጡ። በተማርንበት አገር እንዲህ ያለ በሽተኛ የሚለማመደው በሁለት ትይዩ የብረት መደገፊያዎች መካከል ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ስላልነበረ፣ በወረቀት ላይ «የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል» ብለን ጽፈን አሰናበትናቸው፤ ሥራችንን የፈጸምን መስሎን ነበር። ሦስት ወር ቈይተን ለሌላ ጕዳይ በሰፈራቸው ስናልፍ ግቢያቸው ገባን። አማቻቸው ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በወገብ ልክ በካስማ ላይ አጋድሞ መትቶላቸዋል፤ መምህሩም በመካከል ይራመዳሉ። የልጅ ልጃቸው እያጨበጨበች እርምጃቸውን ትቈጥራለች፤ የየቀኑን ቍጥርም በጠመኔ በግድግዳው ላይ ትጽፋለች። ደስታችን ግን አልቈየም። ግራ ትከሻቸው ወርዶ ነበር፤ ሌሊት በሕመሙ እንቅልፍ አጥተዋል። ያው ደግ አማች በየማለዳው ከአልጋ ሲያነሣቸው የሚስበው በዚያ ክንድ ነበር። አጣናውን ማንም ሳይነግረው በልቡ አግኝቶታል፤ የትከሻውን ነገር ግን ካልነገሩት ከየት ያገኘዋል? በወረቀታችን ላይ አልነበረም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

«መሣሪያ የለንም» የሚለውን ምክንያት ከዚያ ወዲህ በቀላሉ አንቀበልም። በአሜሪካ በ408 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 የታተመ ምርመራ፣ በሽተኛውን በማሰሪያ አንጠልጥሎ በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ የሚያራምደውን ውድ መሣሪያ በቤት ውስጥ ከሚሰጥ ልምምድ ጋራ አወዳደረ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ ከጠቅላላው 52 በመቶ የሚሆኑት አረማመዳቸው ተሻሽሎ ነበር። ምቱ ከመታቸው ስድስት ወር ቈይተው መሣሪያውን የጀመሩትም ቀድመው ከጀመሩት አላነሱም። በኮፐንሃገን በ804 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ1995 የታተመው ጥናት ከመቶው 95 የሚሆኑት የመራመድ ችሎታቸው የሚደርስበት ደረጃ ላይ የደረሰው በመጀመሪያዎቹ 11 ሳምንታት ውስጥ እንደ ነበር ይናገራል። እነዚያ ሳምንታት በአልጋ ላይ ማለቅ የሌለባቸው ስለዚህ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው ግን ተስፋ ቈርጦ ይቀመጥ ማለት አይደለም።

የሆነ ሆኖ «ቤተ ሰብ ይበቃል» የሚሉም እንዳይደሰቱ ሌላውን ወገን እንናገር። በህንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች በ1250 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመ ምርመራ ነበር፤ የቤተ ሰብ አባል ጥቂት ሥልጠና ተሰጥቶት ልምምዱን እርሱ እንዲመራ ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ፣ እንዲህ የተረዱት በሽተኞች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። በአሜሪካው ምርመራ የቤቱን ልምምድ ይመራ የነበረው ግን የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ሁለቱን ጐን ለጐን ስናያቸው ለእኛ የሚታየን ይህ ነው፤ ቤቱ ቦታው ነው፣ ቤተ ሰቡም ክንድ ነው፣ ሳያቋርጥ የሚጎበኝና የሚያርም ዓይን ከሌለ ግን ድካሙ ፍሬው ያንሳል።

እንግዲህ አቤቱታችን ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለጤና ሠራተኛውም፣ ለራሳችንም ነው። የሐይቅ ሰው የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ወደ ደሴ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። መንገዱ ረጅም አይባልም፤ በየሳምንቱ የታመመ ሰው ተሸክሞ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ሥራ ፈትቶ ለሚመላለስ ገበሬ ግን ረጅም ነው፤ ከአምባሰል ተራራ ሥር ለሚነሣውማ ምን እንላለን! የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ቍጥራቸው ግን ለየወረዳው የሚዳረስ አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም ሆስፒታል በምት የተያዘን ሰው ከማሰናበቱ በፊት፣ ቤተ ሰቡ ሲያነሣው፣ ሲያስቀምጠው፣ መቀነት ታጥቆ ሲያራምደው በዓይን አይቶ ማረም አለበት እንላለን፤ ወረቀት መስጠት አይበቃም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው መጎብኘት ይቻላል ብሎ አሳይቶናል፤ በምት የተያዘውም ሰው በዚያው መዝገብ ይግባ፣ ግፊቱ ይለካ፣ ትከሻውና ከዘራው ይታይ። ባለሙያው ከደሴ በወር አንድ ቀን ወጥቶ ሠራተኞቹን ቢያርም፣ ሠላሳ በሽተኛ ወደ ደሴ ከሚመላለስ ይቀልላል። ሥራ ይበዛባቸዋል የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ እውነትም ነው። ቢሆንም በአልጋ ላይ የቀረ አንድ አባወራ ሁለት ጤነኛ ሰው ከሥራ እንደሚያስቀር፣ አንዷም ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ መሆኗን በሒሳቡ ውስጥ እንዲያስገቡልን እንለምናለን።

ይህን የመጨረሻውን ነገር መምህራን በዝርዝር ያውቁታል። ከክፍላችሁ የቀረች ልጅ «አባቴ ታሞ» ያለቻችሁ እንደ ሆነ፣ ምን ዓይነት ሕመም እንደ ሆነ ጠይቋት፤ ምት ከሆነም ቤቱን ጎብኙ። ስትጎበኙ ከአልጋው አጠገብ አትቀመጡ። ወንበር አስወጥታችሁ በደጅ፣ በፀሐይ ተቀመጡና በሽተኛው ወደ እናንተ ይምጣ፤ አሥር እርምጃም ቢሆን፣ መቀነቱን ሰው ይዞለትም ቢሆን። ቢያለቅስ አትደንግጡ፤ ምት የመታው ሰው እንባው ቅርብ ነው፣ አንዳንዱም ልቡ በእውነት ያዝናልና ለሐኪም ሊነገርለት ይገባል። መውደቅን የሚፈራ ከሆነ፣ ከወደቀ በኋላ እንዴት እንደሚነሣ በምንጣፍ ላይ አስቀድሞ ይለማመድ፤ በደኅነኛው ጎኑ ዞሮ፣ ወደ መደቡ ተስቦ፣ በጕልበቱ ተንበርክኮ፣ ክንዱን በመደቡ ላይ ጥሎ። ሰላቱን ወይም ስግደቱን ናፍቆ ቆሜ ልሞክር የሚልም አለ፤ የሃይማኖት አባቶች ለታመመ ሰው ተቀምጦ መጸለይን እንደሚፈቅዱ አስታውሳችሁ በወንበር ላይ ይጀምር፣ ጕልበቱ ሲጸና ግድግዳ አጠገብ ይቁም።

ያ ጡረተኛ መምህር ትከሻቸው እስከ ዛሬ ክንዳቸውን ከደረታቸው በላይ አያስነሣቸውም። አጣናዎቹን ግን ነቅለው ለዶሮ ቤት አጥር አድርገዋቸዋል፤ እርሳቸው በከዘራ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ይመለሳሉ። በቤቱ እንዲህ ያለ በሽተኛ ያለው አንባቢ የበሽተኛውን ከዘራ ይዞ ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ ቁመቱን ለክተን የረዘመውን ቈርጠን እንመልስለታለን፤ መጋዝ አለን።